ዝግ ያለ ዜማና የሰውነት ዕረፍት

ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ቤት ንጽሕናና ስለ ምግብ አሠራር የሚጽፉ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች አሉ። እኔ ዛሬ ጥቂት ቃል ልጽፍ የተነሣሁት ስለ ዕረፍት ነው። ዕረፍት ስል ከሥራ መቅረትን ማለቴ አይደለም። ሰው የቀኑን ሥራ ፈጽሞ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ ልቡም አብሮት ይገባ ዘንድ ስለሚረዳው ነገር ነው። እግሩ ከቤቱ ገብቶ ልቡ በደጅ የሚያድር ሰው ብዙ ነውና፤ እኔም ከነዚሁ አንዱ ነበርሁ።

ሥራዬ የፍርድ ቤት ጽሕፈት ነው፤ የምኖረውም በፍኖተ ሰላም ከተማ ነው። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት እንደ ሆነ ሁሉ ያውቃል፤ ነገር ግን በዚህ መንገድ ወደ እኛ መዝገብ ቤት የሚመጣው ሰላሙን የጣለ ሰው ነው። ወንድም ከወንድሙ ጋራ ስለ አንድ ስንዝር ድንበር ይከራከራል፤ ባልና ሚስት ስለ ልጅ ቀለብ ይካሰሳሉ፤ የሟች ልጆች የአባታቸው ዐርባ ሳይወጣ ስለ በሬው ይጣላሉ። ዳኛው ፈርዶ ይነሣል፤ ጠበቃውም ተከራክሮ ይሄዳል። ጸሐፊ ግን የከሳሹንም የተከሳሹንም ቃል በእጁ ያሳልፈዋል፤ የተሰደበውን ስድብ እንኳ ፊደል ሳያጐድል መጻፍ አለበት። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ቍጣ በጣቶቼ መካከል ሲያልፍ ቆይቶ፥ በመጨረሻው ከፊሉ በእኔው ውስጥ ቀረ።

በመጀመሪያ የጠፋው እንቅልፌ ነው። በመኝታዬ ላይ ሆኜ የቀኑን ክርክር እንደ ገና እሰማዋለሁ፤ ያልተጠየቀውን ጥያቄ እኔ እጠይቃለሁ፤ ያልተመለሰውንም እኔው እመልሳለሁ። አንገቴና ትከሻዬ ቀንበር እንደ ተጫነበት ይከብዱኝ ጀመር። ከዚያም ጠባዬ ተለወጠ። አንድ ምሽት የስምንት ዓመት ልጄ ስለ ትምህርቷ አንድ ነገር ስታጫውተኝ፥ «ለተጠየቅሽው ብቻ መልሺ» ብዬ በችሎት ቋንቋ ገሠጽኋት። ልጅቱ ምንም አልተጠየቀችም ነበር። ባለቤቴ አንድ ቃል ሳትናገር አየችኝ፤ በማግሥቱ ወደ ሐኪም የሄድሁት ከዚያ አስተያየቷ የተነሣ ነው። ሐኪሙ ክንዴን አስሮ የደሜን ግፊት ቢለካ 155 በ95 ሆኖ አገኘው። ጨው እንዳሳንስ፥ በእግሬ እንድሄድ፥ በየቀኑም አንድ ክኒን እንድውጥ አዘዘኝ፤ ደግሞ «ከመኝታ በፊት ዝግ ያለ ሙዚቃ ይስሙ» አለኝ።

ይህን ለአንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ብነግረው፥ ለተመስጦና ለሰውነት ማፍታቻ ተብሎ በውጭ አገር የተዘጋጀ ድምፅ በስልኬ ላይ ጫነልኝ። አንዱ የናስ ሳሕን ሲመታ ነው፤ አንዱ የባሕር ማዕበል ነው፤ ባልደረባዬ ከሁሉ አስበልጦ ያመሰገነልኝ ግን የዝናምን ድምፅ ነበር። ወሩ ኅዳር ነው። ባለቤቴ የቡሬ ዘመዶቿ የላኩላትን በርበሬ በግቢያችን በሰሌን ላይ አስጥታ ነበር። ስልኩን ከራስጌዬ አድርጌ ዝናሙን ባዘነብሁት ጊዜ፥ ባለቤቴ ከእንቅልፏ ብድግ ብላ «በርበሬው!» እያለች በባዶ እግሯ ወደ ደጅ ሮጠች። አንድ ደመና ከሌለበት ሰማይ በታች በጨረቃ ብርሃን በርበሬዋን ሰብስባ ስትመለስ የተናገረችኝን ቃል፥ ጸሐፊ ብሆንም አልመዘገብሁትም። በሌላ አገር የዝናም ድምፅ እንቅልፍ ያመጣ ይሆናል፤ እህሉ በአውድማ፥ በርበሬው በሰሌን ላይ ላለበት ለጎጃም ሰው ግን የኅዳር ዝናም የሚያስነሣ እንጂ የሚያስተኛ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ወደ ራሳችን ነገር ተመለስሁና በገና መስማት ጀመርሁ። በገና ዐሥር አውታር ያለው፥ አውታሩም ከበግ አንጀት የሚሠራ፥ ከሰው ወገብ በላይ የሚቆም ታላቅ መሣሪያ ነው። አባቶች ከንጉሥ ዳዊት የወረስነው ነው ይሉታል፤ ዐሥሩንም አውታር በዐሥሩ ትእዛዛት ይመስሉታል። ክራርን የሚያውቅ ሰው በገናን በሰማ ጊዜ የሚደነቀው በድምፁ ነው። በአውታሩ ሥር እንዝራ የሚባል ቍራጭ ቆዳ ስለሚገባ፥ አውታሩ ሲነካ ዝም ብሎ አይጮህም፤ ንብ በቀፎዋ ውስጥ እንደምታሰማው ያለ ዝቅተኛ እምምታ ያሰማል። ድምፁም ቶሎ አይጠፋም፤ ደርዳሪው እስኪጠፋ ይጠብቃል፤ እርሱ ሲጠብቅ ሰሚውም ይጠብቃል። በ1960ዎቹ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገናን ያስተማሩት መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ የደረደሩትን የሰማ ሰው ይህን ያውቃል። እኔም ከደረደሩት አንዱን ማታ ማታ እየሰማሁ ጥቂት ጥቂት መተኛት ጀመርሁ። ነገር ግን ቃሉ ያሳስበኝ ነበር። የበገና ቃል ስለ ሞትና ስለ ዓለም ከንቱነት ነውና፥ ቀኑን ሙሉ ስለ ውርስ ሲጽፍ ለዋለ ሰው እንደ ገና ወደ ችሎት የመጠራት ያህል ሆነብኝ።

በዚህ ጊዜ ከስልኬ ውስጥ የአባቴ ድምፅ እንዳለ ትዝ አለኝ።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ከቡሬ ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል በሚያስኬድ ገጠር በአንዲት ደብር ዕድሜአቸውን ሁሉ ሲያገለግሉ ኖረዋል። ከሁለት ዓመት በፊት በዐቢይ ጾም ልጠይቃቸው ሄጄ፥ በባዕድ አገር የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ «ድምፃቸውን ላክልኝ» ብሎኝ ስለ ነበር፥ ከጾመ ድጓው ሃያ ሁለት ደቂቃ የሚሆን ቀድቼ ነበር። እርሳቸው ስልኩን እንደ ያዝሁ አይተዋል፤ ነገር ግን ድምፅ የሚቀዳ መሆኑን ልብ ያሉት አይመስለኝም።

እዚህ ላይ አንድ የቈየ ነገር መናዘዝ አለብኝ። እስከ ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ከአባቴ ዘንድ ፊደል፥ ዳዊትና ጥቂት ዜማ ተምሬአለሁ። በ1987 ዓ.ም. ግን ከዐባይ ማዶ በወለጋ የሚኖር አጎቴ ወሰደኝና በዚያ ከአንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባሁ። ከዚያ ትምህርት ቤት ብዙ በጎ ነገር አግኝቻለሁ፤ እንግሊዝኛና ሒሳብ፥ ንጹሕ ጽሕፈትም የተማርሁት በዚያ ነው። ሃርሞኒየም የሚባለውንም የንፋስ መሣሪያ መጀመሪያ የሰማሁት በዚያ ነው፤ አራት ዓይነት ድምፅ ባንድነት ሲስማማ መስማት እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ነገር ግን አንድ መምህር፥ ስንዘምር ከእግር ወደ እግር ማዘንበል የጀመርሁትን እኔን ከተማሪዎች መካከል አውጥቶ፥ «ሰው ሲዘምር እንደ ሰካራም አይወዛወዝም» አለኝ። ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔ የተወዛወዝሁት አባቴ ሲያደርጉት ያየሁትን ነበር። በዚያው ዓመት ለፋሲካ ወደ ቤት ስመለስ አባቴ መቋሚያቸውን ይዘው ሲያሸበሽቡ አይቼ ዐፈርሁባቸው። ያንን ዕፍረት ለማንም ሳልነግር ሠላሳ ዓመት ይዤው ኖርሁ።

የአባቴ ሙያ ምን እንደ ሆነ ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ልግለጥ። በቤተ ክርስቲያናችን ዜማ የሚባለው የአፍ ሥራ ብቻ አይደለም። በ6ኛው መቶ ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድ በግዕዝ፥ በዕዝልና በአራራይ ዜማውን እንደ ደረሰ ይነገራል። በ16ኛው መቶ ዘመንም በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉት ሊቃውንት ከቃሉ በላይ የሚጻፈውን የዜማ ምልክት ሠሩለት። ይህን ዜማ በመቋሚያ፥ በጸናጽልና በከበሮ አስተባብሮ በሰውነት ማሳየት ደግሞ አቋቋም ይባላል። ቁም አለ፤ ዝማሜ አለ፤ መረግድና ጽፋት አለ፤ ወረብ አለ። በዐቢይ ጾም ከበሮውና ጸናጽሉ ይቀመጣል፤ የሚቀረው የሰው ድምፅና የመቋሚያው ዝማሜ ብቻ ነው። እንደ እኔ አስተያየት ከዓመቱ ሁሉ የሚያምረው ይህ ጊዜ ነው።

አባቴ የተማሩት የተክሌን አቋቋም ነው፤ ስለዚሁ ከጎጃም ተነሥተው በእግራቸው ደብረ ታቦር ድረስ ሄደዋል። የተክሌ አቋቋም የተባለውን ያወጡት በቀልዳቸው አገር ሁሉ የሚያውቃቸው የፎገራው ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና ናቸው፤ ስሙ ግን ትምህርቱን ባስፋፋው በልጃቸው በተክሌ ተጠራ። አለቃ በጣና ዳር ሆነው ማዕበሉ ሲመጣና ሲመለስ፥ ሸምበቆውም በነፋስ ሲያዘነብልና ሲቃና ተመልክተው ያንን ወደ ሰው ሰውነት አመጡት ይባላል። የጎንደር ሊቃውንት በመጀመሪያ አልተቀበሉትም ነበር፤ የጥንቱ ሥርዐት ይብቃናል አሉ። ያ የሚሲዮን መምህር ይህን ታሪክ ቢያውቅ ኖሮ፥ አባቴ የሚወዛወዙት እንደ ሰካራም ሳይሆን እንደ ጣና ሸምበቆ መሆኑን በተረዳ ነበር። እኔ ራሴም ቢሆን ይህን ያወቅሁት ጕልምሼ ነው።

እንግዲህ የአባቴን ድምፅ ከራስጌዬ አድርጌ መተኛት ጀመርሁ። ሲያልቅ እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምር ዘንድ ስልኩን አዘዝሁት። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ነገር ግን በልጅነቴ እንቅልፍ እየወሰደኝ የሰማሁት ድምፅ ስለ ሆነ እንደ ሕፃን ወሰደኝ። ሦስት ሳምንት ያህል ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ። የደስታዬን ብዛት ልነግራችሁ አልችልም።

በዘንድሮው ዐቢይ ጾም አባቴ ጕልበታቸውን ታመው ለሕክምና ወደ እኛ መጡ። ሰማንያ ዓመት አልፎአቸዋል። ሐኪሙ አይቶ «እግርዎን ያሳርፉ፤ ብዙ አይቁሙ» ብሎ መድኀኒት ሰጣቸው። ባለቤቴ በሳሎኑ ምንጣፍ አንጥፋ፥ ፍራሽ ዘርግታ አስተኛቻቸው። እኔም እንደ ልማዴ ከመኝታ ቤቴ ገብቼ ስልኩን ከራስጌዬ አኖርሁና ተኛሁ። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ስስ መሆኑ ፈጽሞ ትዝ አላለኝም።

ዶሮ ሲጮኽ ባለቤቴ ውሃ ልትጥድ ተነሥታ ወደ ሳሎን ብትወጣ፥ አባቴ ነጠላቸውን አጣፍተው፥ በመቋሚያቸው ተደግፈው፥ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ መልሰው በጨለማ ቆመው አገኘቻቸው።

«አባባ፤ ምን ሆኑ?» አለቻቸው።

«ዝም በዪ ልጄ፤ ሊጨርስ ነው» አሉአት።

እርሷ መጥታ ቀሰቀሰችኝ። ብወጣ እግራቸው እንደ ተቦካ ሊጥ ዐብጦ ነበር። እጃቸውን ይዘን አስቀመጥናቸው። አባቴም ትንፋሻቸውን ሰብስበው እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦ «በዚህ ሰፈር ያለው መሪጌታ ማነው? ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን ነው የቆመው፤ በግራ በቀኝ የሚቀበለው ሰው የለም። አንዱን ይጨርስና ደግሞ ያንኑ ከመጀመሪያው ያነሣዋል። ደክሞት ተሳስቶ ይሆን እያልሁ ሳዝንለት አደርሁ። ሲጨርስ እቀመጣለሁ ብል አይጨርስም፤ ብቻውን ትቼው መቀመጥ ከበደኝ።»

አንባቢዎች ሆይ፤ በፍርድ ቤት የሰው የእምነት ቃል ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ የራሴን መስጠት ግን ይህን ያህል ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። ስልኩን አምጥቼ አሳየኋቸው። ድምፁን ከፈትሁት። አባቴ ጆሮአቸውን አዘንብለው ሰሙና «ይህ እኔ ነኝን?» አሉ። ነዎት አልኋቸው። ረዥም ጊዜ ዝም አሉ። የራሳቸውን ድምፅ ሳያውቁ፥ ለራሳቸው ሲያዝኑ ማደራቸው ነው።

«አንተስ የት ነበርህ?» አሉኝ።

«ተኝቼ ነበር» አልሁ።

ይቈጣሉ ብዬ ነበር፤ አልተቈጡም። እንዲያውም ሳቅ አሉ። ከዚያ በኋላ ግን እንደ ዳኛ ተናገሩ፦ «ዜማ የደከመውን አያሳርፍም አልልም። ዳዊት ለሳኦል በገና መደርደሩ ስለዚሁ ነው። ነገር ግን ሳኦል ነቅቶ ይሰማ ነበር። አንተ ዜማውን እንደ ሌሊት ዘበኛ ከደጅ አቁመህ ተኛህ።»

ይህ ፍርድ እስከ ዛሬ ያከራክረኛል። በአንድ ወገን እውነት ነው፤ በዚያ ሌሊት ለዜማው የተከፈለውን ዋጋ የከፈሉት እርሳቸው በጕልበታቸው ነው፤ እኔ ትርፉን ብቻ ወሰድሁ። በሌላው ወገን ደግሞ የታመመ ሰው በአባቱ ድምፅ ቢተኛ ንቀት ነው ለማለት አልደፍርም፤ እናቶች ልጆቻቸውን እሹሩሩ ሲሉ ሕፃኑ ነቅቶ ያድምጥ አይሉምና። ይግባኝ ማለት እችል ነበር። ነገር ግን ያበጠውን እግራቸውን እያየሁ ይግባኝ የምልበት አፍ አልነበረኝም።

በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ጐደለ። አባቴም ጧት ወደ ግቢው ወጥተው በርጩማ ላይ ተቀመጡና ጠሩኝ። መቋሚያቸውን ሰጡኝና «እንቅልፍ ከፈለግህ ቁም» አሉኝ።

በልጅነቴ ተውሁት ያልሁት ነገር ከእግሬ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም ነበር፤ ሆኖም ቸኰልሁ። አባቴ ያረሙኝ ከሁሉ በፊት ችኰላዬን ነው። «ክብደትህን ከግራ እግርህ ወደ ቀኙ አሻግር፤ ግን እንደ ሸክም አትጣለው፤ እንደ ዘይት አፍስሰው» አሉኝ። ጕልበት አይገተርም፤ ጥቂት ይላላል። መቋሚያው ወደ ፊት ይወጣል፤ ሰውነት ይከተለዋል፤ መቋሚያው ሲመለስ ሰውነት ተከትሎት ይመለሳል። ዐይን ወደ ምድር ዝቅ ይላል። ትከሻ ሥራ የለውም፤ የእኔ ትከሻ ግን ሥራ የሌለው መሆንን ለማወቅ ስምንት ቀን ፈጀበት። ያስተማሩኝ አንድ የዜማ መስመር ብቻ ነው። ያንኑ መስመር በአንድ ትንፋሽ ማድረስ ነበረብኝ፤ በመካከል የተነፈስሁ እንደ ሆነ እጃቸውን አንሥተው ያስቆሙኝ ነበር። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ግንባሬን ላብ ሲያወጣው፥ ልቤ ግን ከመኝታ እንደ ተነሣ ሰው ልብ ጸጥ ማለቱ አስደነቀኝ።

ስለዚህ ነገር የውጭ አገር ሐኪሞች የጻፉትን ፈልጌ አነበብሁ። በ1994 ዓ.ም. በርናርዲ የተባለ የኢጣልያ ሐኪም ከባልንጀሮቹ ጋራ ባሳተመው ምርምር፥ ሰዎች በላቲን ቋንቋ የመቍጠሪያ ጸሎት ሲደግሙ፥ ደግሞም በዮጋ ማንትራ የሚባለውን ቃል ሲደጋግሙ፥ ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ 6 ያህል ዝግ እንደሚል፥ የልብና የደም ዝውውር ሥርዐትም ከዚያ ጋራ እንደሚስማማ ተገልጦአል። ጤነኛ ሰው ተቀምጦ ሳለ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። እኔ በሰዓት ብቈጥረው አባቴ በሰጡኝ መስመር በደቂቃ ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ እተነፍሳለሁ። ቻይናዎችም ታይ ቺ የሚሉት ዝግ ያለ የሰውነት እንቅስቃሴ አላቸው፤ ክብደትን ከእግር ወደ እግር በቀስታ ማሻገር ነው። ይህን የሚሠሩ ሽማግሌዎች የመውደቃቸው ነገር እንደሚቀንስ በብዙ ምርምር ታይቶአል። ይህን ሳነብ አባቴ ጕልበታቸውን ይታመማሉ እንጂ ወድቀው እንደማያውቁ ትዝ አለኝ። የጻፈላቸው ሐኪም ስለ ሌለ እንጂ የእኛም መሪጌቶች በዚህ ነገር ምስክር መሆን በቻሉ ነበር።

ይሁን እንጂ በዚህ ገጽ ሐሰተኛ መድኀኒት መሸጥ አልፈልግም። ከአንድ ወር በኋላ ሐኪሙ ዘንድ ብመለስ የደሜ ግፊት 138 በ86 ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን ጨው አሳንሼ ነበር፤ ክኒኑንም ሳላቋርጥ ውጬ ነበር፤ ከቢሮ ወደ ቤትም በእግሬ እመለስ ነበር። ሦስት ምስክር ባንድነት በቀረበበት ጕዳይ አንዱን ብቻ አምኖ ሌሎቹን መጣል የፍርድ ደንብ አይደለም። ክኒን የታዘዘለት ሰው ይህን አንብቦ ክኒኑን ቢተው በደሉ በእኔ ላይ ነውና፥ እንዳታደርጉት እለምናችኋለሁ። እኔ በእርግጥ የምመሰክረው አንድ ነገር ነው፤ አሁን ማታ ስተኛ ችሎቱ ከእኔ ጋራ አይተኛም። አልፎ አልፎ ቢመጣም በዚያች አንዲት መስመር መካከል ይጠፋል።

ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚነገረውን ሁላችሁ ታውቁታላችሁ፤ በንጉሡ በገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲዘምር ንጉሡ የተደገፉት ጦር እግሩን ወጋው፤ ዜማው እስኪፈጸም ድረስ ወጊውም ተወጊውም አላወቁም ይባላል። በልጅነቴ ይህን ስሰማ የማስበው ስለ ጦሩ ነበር። አሁን ግን ሁለቱም ቆመው እንደ ነበር አስባለሁ።

በግቢያችን በምንቆምበት ጊዜ ልጄ የመጥረጊያ እንጨት ይዛ ከኋላዬ መቆም ጀመረች። በቅኔ ማሕሌት ሴት ልጅ አትቆምም ሲሉ የኖሩት አባቴ አይተው እንዳላዩ ሆኑ፤ በሁለተኛው ቀን ግን «ቀኝ እግርሽን ነው እንጂ» ሲሉ ሰማኋቸው። እርሷ ከእኔ ይልቅ ቶሎ ለመደች። አንድ ጧት በመካከል ቆም ብላ ያን ምሽት ልትነግረኝ የነበረውን የትምህርት ቤት ወሬ ነገረችኝ። ብዙ ወር አልፎት ስለ ነበር ነገሩ ዐልቆ ደቅቆአል፤ እኔ ግን መቋሚያውን ይዤ እስከ መጨረሻው አደመጥሁት።

አባቴ ወደ ቡሬ ሊመለሱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፥ «ያን ስልክ አምጣው» አሉኝ። ያጠፉት ይሆን ብዬ ፈራሁ። ስልኩን ከጕልበታቸው ላይ አስቀምጠው፥ ዐይናቸውን ጨፍነው ሃያ ሁለቱን ደቂቃ ሙሉ ሰሙ። ወደ መጨረሻው ገደማ ጣታቸውን አነሡ።

«እዚህ ላይ አንድ ርክርክ ዘልያለሁ» አሉ። «ሌሊቱን ሁሉ ምን ቅር እያለኝ እንደ ቆምሁ አሁን ገባኝ። ይህን ለወንድምህ ልከኸዋልን?»

ልኬዋለሁ አልኋቸው።

«እንግዲያስ እንደ ገና ቅዳው። ስሕተት ባሕር ተሻግሮ አይቅር» አሉና መቋሚያቸውን አንሥተው ተነሡ።

ሁለተኛውን ቅጂ በዚያው ሰዓት በግቢያችን ቀዳነው። ርክርኩ በቦታው አለ። በመካከሉ የጐረቤታችን ውሻ ሲጮኽ ይሰማል፤ ከውሻውም ቀጥሎ ባለቤቴ በርጩማውን ይዛ «አባባ፤ እባክዎ ይቀመጡ» ስትላቸው፥ ሁለት ጊዜ ይሰማል።